የእብናት ገበሬና የመንግሥት ድጎማ

የገበሬና የመንግሥት ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ገበሬው ለመንግሥት ስለ ሰጠው ነገር ነው። አሥራቱ፥ ግብሩ፥ የወታደሩ ቀለብ፥ የመኳንንቱ ድርጎ ሁሉ ተጽፏል። መንግሥት ለገበሬው ስለ ሰጠው ነገር ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ይህም የሆነው የተሰጠው ነገር ለብዙ ዘመን ጥቂት ስለ ነበረ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው እህል ከጎተራ ወደ ግምጃ ቤት ብቻ ይሄድበት የነበረው መንገድ በአንድ ወረዳ፥ ይኸውም በደቡብ ጎንደር በእብናት፥ እንዴት ባለ ሁኔታ ወደ ኋላ እንደ ተመለሰ ነው።

እብናት ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን ያለ ወረዳ ነው። በደቡብ ፋርጣ፥ በምዕራብ ሊቦ ከምከምና ፎገራ፥ በሰሜን በለሳ፥ በምሥራቅ ቡግና፥ በደቡብ ምሥራቅ ላይ ጋይንት ያዋስኑታል። የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ አንባቢ ሩዝ የሚበቅልበትን፥ ውሃ የሚተኛበትን፥ ከጣና ዳር የተዘረጋውን ለም አገር ያስታውሳል። ከዚያ ሜዳ ወደ እብናት የወጣ ሰው ግን ብዙ ሳይርቅ ሌላ አገር ይገጥመዋል፤ ተዳፋቱ የበዛ፥ አፈሩን ጎርፍ የወሰደው፥ ዝናቡ በጊዜው ካልጣለ ማሳው ድንጋይ ብቻ የሚመስል ነው። የአንድ ዞን ልጆች ሆነው አንዱ ሲጠግብ ሌላው የሚራበው በዚህ ምክንያት ነውና፥ ስለ ስንፍና የሚያወራ ሰው አስቀድሞ ይህን መሬት ቢያየው መልካም ነው።

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የራስ ጉግሣ ከተማ ሆና ከተቈረቈረች ወዲህ ቤጌምድር የመኳንንትና የሠራዊት መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። ሠራዊት በሰፈረበት አገር ደግሞ ገበሬ የጎተራው ባለቤት በስም ብቻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወታደሩ ከገበሬው ቤት እየገባ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር ለማድረግ አስበው ነበር። አሳቡ ከዘመኑ የቀደመ አሳብ ነበረ። ዳሩ ግን ደመወዝ መክፈል የሚችለው ዘወትር ገቢ ያለው ግምጃ ቤት ነው፤ ያ ደግሞ አልነበረም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፥ ገበሬውን ከወታደር ለማዳን የተነሣው መንግሥት የቤጌምድርን ገበሬ እየበዘበዘ ነበር የሄደው። በዚህ አገር የቸርነት አሳብ አላነሰም፤ ያነሰው አሳቡን በየወሩ የሚያደርስ አሠራር ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬቱን ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ ከአንድ ጋሻ 15፥ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ደነገገ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ በገንዘብ ተተመነ። ቤጌምድር ግን ከጎጃምና ከትግሬ ጋራ ከዚህ ተመን ውጭ ሆኖ በቀድሞው ልማድ ተቈርጦ የተመደበለትን ግብር ይከፍል ነበር። በ1960 ዓ.ም. አሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ «ርስቴ ሊለካ ነው» ብሎ መሣሪያ ማንሣቱ የታወቀ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በባለ ርስቱ ፋንታ የኮታ እህል መጣ። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ያህል ከገበያ ዋጋ ባነሰ ዋጋ ለመንግሥት እንዲሸጥ ይገደድ ነበር፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቈየ። ኮታ የጎደለበት ሰው ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ሸጧል ሲባል ለወጣት አንባቢ ተረት ይመስለው ይሆናል፤ በብዙ አገር የሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ እህሉ የሚሄደው ወደ አንድ ወገን ነበር። በክፉ ቀን፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፥ ዐፄ ምኒልክ በእጃቸው ዶማ ይዘው እየቈፈሩ ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው ይነገራል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የንጉሥ ቸርነት እንጂ የመሥሪያ ቤት ግዴታ አይደለም። ረኀብን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በመንግሥታችን ውስጥ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም የወሎ ሕዝብ ካለቀ በኋላ የቆመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ዐሥር ዓመት ሲያልፍ የእብናት ስም በዓለም ጋዜጦች ላይ ታተመ።

በ1977 ዓ.ም. ዝናብ ባጣው በሰሜኑ አገር ሁሉ ሕዝቡ ቤቱን እየዘጋ ወደ ዕርዳታ ጣቢያ ይጐርፍ ነበር። ከነዚህም ጣቢያዎች አንዱ እብናት ላይ ነበረ። ሰው ከሩቅ መንደር በእግሩ እየተጓዘ ደረሰ፤ ከመንገድ የቀረውም ቀረ። በጣቢያው በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በጎጆና በላስቲክ መጠለያ ተሰብስቦ፥ በየቀኑ የሚሰፈርለትን እህል እየጠበቀ ይኖር ነበር። በሚያዝያ ወር ሁለተኛ አጋማሽ ግን ሕዝቡ በድንገት ጣቢያውን ለቆ ወደ አገሩ እንዲመለስ ታዘዘ። ከ30,000 የሚበልጥ ሰው ተባረረ፤ ተመልሶ እንዳይገባም ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። ሕሙማንና ሕፃናት ካሉበት ከዚያ ሕዝብ ብዙው የቀናት መንገድ በእግሩ ይጠብቀው ነበር።

ነገሩ በተሰማ ጊዜ የዕርዳታ ድርጅቶች ጮኹ። የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ አስተባባሪ ሆነው በአዲስ አበባ የነበሩት ኩርት ያንሰን ጕዳዩን እስከ ርእሰ ብሔሩ ድረስ አደረሱት። መንግሥትም ሕዝቡ በዚህ ዓይነት መባረሩ ስሕተት መሆኑን አምኖ፥ ጥፋቱን የአካባቢው ባለሥልጣኖች ጥፋት ነው አለ። ከተባረሩትም ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰው መጡ፤ የተቃጠለው ጎጆ ግን አልጠበቃቸውም።

ትእዛዙን የሰጡት ሰዎች ያቀረቡት ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል እንላለን፤ ምክንያቱ ከእነርሱ ጋራ አልሞተምና። ዝናቡ ጠብ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ገበሬው በጣቢያ ተቀምጦ ከቀረ መሬቱ ጦሙን ያድራል፥ የከርሞውም ረኀብ ከዘንድሮው ይብሳል፥ ሕዝቡም ስንዴ እየተሰፈረለት መቀመጥን ይለምዳል ይሉ ነበር። ይህ አነጋገር ለብቻው ሲሰሙት የአስተዋይ ሰው ቃል ይመስላል። ነገር ግን ገበሬ ወደ እርሻው የሚመለሰው በመታዘዙ አይደለም። በሬ ሊኖረው ይገባል፤ በሬውን ግን ለመንገድ ስንቅ ሸጦታል። ዘር ሊኖረው ይገባል፤ ዘሩን ግን ከቤቱ ሳይወጣ በልቶታል፤ የመጨረሻውን ዘር ሳይበላ ቤቱን የሚዘጋ ገበሬ የለም። ከዘር እስከ አጨዳ ላሉት ወራት የሚበላው እህል ያስፈልገዋል፤ ከጣቢያው የተሰጠው ደግሞ ለመንገድ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ሂድና እረስ» ማለት ውሃ በሌለበት «ዋኝ» እንደ ማለት ነው። የእብናት ገበሬ ያጣው የሥራ ፍቅር ሳይሆን ከአንድ መከር እስከ ሌላው መከር የሚያሻግረው ድልድይ ነበር።

ድልድዩ ደግሞ ለሃያ ዓመት ያህል አልተሠራም። የ1977ቱ ረኀብ ካለፈ በኋላ በየዓመቱ የሚሆነው ነገር ተመሳሳይ ነበረ። መከሩ ይገመገማል፤ የተቸገረው ሕዝብ ይቈጠራል፤ መንግሥት ለውጭ አገሮች ጥሪ ያቀርባል፤ እህሉ ተለምኖ፥ በመርከብ ተጭኖ፥ በመኪና ተጓጕዞ ከወረዳ ሲደርስ ወራት አልፈው ይገኛሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጕልበት ያለው ሰው ዕርዳታውን በሥራ እንዲቀበል ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን እህሉ የሚመጣበት ቀን ካልታወቀ ሥራውንስ ማን ያቅደዋል? በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ለችግር በዳረገ ጊዜ፥ ይህ አካሄድ እንደማያዛልቅ መንግሥትም ለጋሾችም አንድ ላይ ተናገሩ። በየዓመቱ «ድንገተኛ» እየተባለ ዕርዳታ የሚጠየቅለት ሕዝብ ብዙው በየዓመቱ ያው ሕዝብ ነበር። በየዓመቱ የሚመጣ እንግዳ ደግሞ እንግዳ አይባልም።

ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ክርክር ነው። በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል፥ በሚቀጥለውም ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ታቀፈበት። በደቡብ ጎንደር እብናት ከስማዳ፥ ከላይ ጋይንትና ከታች ጋይንት ጋራ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበረ። ገንዘቡ አብዛኛው ከዓለም ባንክ፥ ከእንግሊዝ፥ ከአሜሪካ፥ ከአውሮፓ ኅብረትና ከሌሎችም ለጋሾች የመጣ ሲሆን የሚያስፈጽመው መንግሥት ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። በተከታታይ ሦስት ዓመት፥ በየዓመቱ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚበላው የሚያጣ ቤተ ሰብ በቀበሌው ሰዎች ተመርጦ ይመዘገባል። ለያንዳንዱ የቤተ ሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይመደብለታል፤ ሥራውም እርከን መሥራት፥ ተዳፋት መከለል፥ ኩሬ መቈፈር፥ መንገድ መጥረግ ነው። የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ በመጀመሪያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበረ። እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 የሥራ ቀን አለው፤ ይህም 150 ብር ወይም 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። ሥራው ከጥር እስከ ሰኔ ለስድስት ወር ስለሚካሄድ የዓመቱ ድምር 900 ብር ይሆናል። ሽማግሌው፥ አካለ ስንኩሉ፥ ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ የሚቀበሉት ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ክፍል ነበረላቸው፤ ከጠቅላላው ተቀባይ አምስት እጅ አንዱ ያህል በዚህ ክፍል ነበረ።

900 ብር በከተማ ላለ ሰው ምን ነው? እኛ ግን ታላቁን ነገር በመጠኑ ውስጥ አናየውም። እኛ በመዝገብና በፋይል መካከል የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን አንድ ስም በመዝገብ መግባቱ ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። ከዚያ በፊት የእብናት ገበሬ ስም በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈው ግብር ለመክፈል ወይም ኮታ ለማስገባት ነበር። በጣቢያ የተሰበሰበው ሕዝብ ደግሞ የሚታወቀው በቍጥር ነው፤ ቍጥር ደግሞ በአንድ ቃል ትእዛዝ ይበተናል። አሁን ግን ስሙ ከነቤተ ሰቡ ተጽፎ፥ የሠራበት ቀን ምልክት ተደርጎበት፥ የሚቀበለው ገንዘብ አስቀድሞ ተነግሮት፥ በቤቱ ተቀምጦ በማሳው አጠገብ ይጠብቃል። ከተዘለለ የሚጮህበት የይግባኝ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖርም ታዘዘ። የሚቀበለውን ካወቀ ሰኔ ላይ ዘሩን አይበላም፤ በሬውንም በችኰላ አይሸጥም። የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. የተቀባዮቹን ቤት ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፥ ለዓመታት ሳያቋርጥ የተከፈለው ቤተ ሰብ የሚራብበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አጥሮለት ተገኝቷል። አንድ ወር ለጠገበ ሰው አጭር ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ግን በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ እርሱም ክፍያው በቀኑ መድረሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በብዙ ወረዳ ገንዘቡ ዘገየ። ገንዘብ ያዡ አንድ፥ ቀበሌው ብዙ፥ መንገዱ ሩቅ፥ የሥራው ዝርዝር ወረቀት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ገንዘብ ቤት የሚመላለስ ነበረ። አንድ ፊርማ ስለ ጐደለው የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ሁሉ ወር ሙሉ ይጠብቃል። በኋላ የወጣው መመሪያ የአንድ ወር ክፍያ ወሩ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ ይድረስ አለ፤ የሥራው ሂደት ቢጓደል እንኳ ለክፍያው ቅድሚያ እንዲሰጥ አዘዘ። ይህ መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን የሰኔን ወር ሥራ እንውሰድ፤ ሰኔ 30 ቀን ካለቀ 45 ቀን ስንቈጥር ነሐሴ 15 ላይ እንደርሳለን። ሕግ ሳይጣስ፥ ማንም ጥፋተኛ ሳይባል፥ የሰኔ ዋጋ በፍልሰታ ጾም መጨረሻ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ላይ አንድ ወር ቢጨመርበት መስከረም አጋማሽ ነው። ክረምቱ የረኀብ ወራት በሆነበት ደጋ ይህ ልዩነት የበሬ ልዩነት ነው፤ ዘግይቶ የደረሰው 150 ብር በ150 ብር የተሸጠውን በሬ አይመልስም፤ የበሬ ዋጋ ከዚያ ብዙ እጅ የሚበልጥ ነውና።

ሁለተኛው ፈተና የገበያ ዋጋ ነበረ። 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የታሰበው በ1997 ዓ.ም. ዋጋ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲወጣ የቀኑ ሒሳብ 8 ብር ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. 10 ብር ደረሰ። ገበያው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙ ተቀባይ ቀድሞ ገንዘብ ይሻለኛል ሲል የነበረው ተመልሶ እህሉን ስጡኝ አለ። ይህን የሰማ አንዳንድ የከተማ ሰው ገበሬው ገንዘብ መያዝ አያውቅም ብሎ ተርጕሞታል። ገበሬው ግን ከትርጓሜው ይልቅ ሒሳቡን በደንብ ያውቅ ነበር፤ 8 ብር ወድቆ ይገኛል፥ 3 ኪሎ ግን 3 ኪሎ ነው።

በሌሎች አገሮች የሆነውንም እናነጻጽር። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ባወጣችው የእርሻ ሕግ ገበሬው ከማሳው ከፊሉን ሳያርስ እንዲተው ትከፍለው ነበር፤ እህሉ ስለ በዛና ዋጋው ስለ ወደቀ ነው። ከዚያ ወዲህ በሀብታሞቹ አገሮች የገበሬ ድጎማ ከበጀታቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ገበሬያቸው የሚደጎመው በጥጋብ ዘመን ነው። ከእኛ ችግር ጋራ የሚቀራረበው ግን የሕንድ ነው። ሕንድ በዚያው በ1997 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ለገጠር ቤተ ሰብ ሁሉ በዓመት የ100 ቀን ሥራ የመጠየቅ መብት ሰጠች፤ ለጠየቀውም በ15 ቀን ውስጥ ሥራ ካልተሰጠው አበል እንዲከፈለው ደነገገች። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ዓመት ተወልደው በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ገበሬው ይቈፍራል፥ በሁለቱም ይከፈለዋል። የሕንዱ ግን በምክር ቤት ሕግ የቆመ መብት ሲሆን የእኛው ምዕራፍ በምዕራፍ፥ በለጋሾች ስምምነት የሚታደስ ፕሮግራም ነበር። ሕግ በተግባር ሊጓደል ይችላል፤ በሕንድም ክፍያ መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ተወቅሷል። ቢሆንም የዘገየበት ሰው «ሕጌ ተጣሰ» ለማለት ይችላል።

የእብናት ሰው «ተመረቅህ» የሚባልበት ነገር ደግሞ ቀርቶናል። ፕሮግራሙ ሲጀመር ከተቀባዮቹ አብዛኞቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ይወጣሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ለዚሁም ብድር ተሰጠ፤ በግ፥ የንብ ቀፎ፥ ዶሮ በብድር ተገዛ። ራሱን የቻለውም ሰው አለ፤ ይህን አንክድም። ጊዜው ሲያልፍና ቍጥሩ ሳይሞላ ሲቀር ግን በአንዳንድ ቦታ ምረቃው ራሱ ኮታ ሆነ፤ በጉ በድርቅ የሞተበት፥ ብድሩ ያልተከፈለለት ሰው ዕቅድ ለማሟላት ከመዝገብ እየተፋቀ «ተመረቀ» ተባለ። «ጥገኛ እንዳይሆን» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ተመልሶ ይሰማል። የ1977ቱ ባለሥልጣንም የተናገረው ይህንኑ ነበርና፥ ስም ከመዝገብ በሚፋቅበት ቀን ሰውየው በሬ አለውን፥ ዘር አለውን፥ እስከ ኅዳር የሚበላው አለውን ብሎ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር።

የተሠራው ሥራ ግን በዐይን የሚታይ ነው። በተዳፋቱ ላይ ተደራርቦ የተካበው እርከን፥ ከብት እንዳይገባበት የተከለለው ጋራ፥ ደርቆ ኖሮ የመነጨው ምንጭ ለፕሮግራሙ ምስክር ነው። በ2008 ዓ.ም. ግድም በተጀመረው በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ጕልበት ለሌላቸው ሽማግሌዎችና አካለ ስንኩላን ድጋፉ ስድስት ወር መሆኑ ቀርቶ ዐሥራ ሁለት ወር ሙሉ እንዲሰጥ ተወሰነ። ባልቴቷ በሐምሌም በጥቅምትም እንደምትበላ መንግሥት በጽሑፍ ሲያውቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። በዐሥራ ሁለቱ ወር ውስጥ ግን ገንዘቡ በየትኛው ቀን እንደሚደርሳት መመሪያው አልቈረጠላትም፤ ስሟ በተጠራ ቀን ምርኵዟን ይዛ ወደ ቀበሌው ትወርዳለች፤ ያልተጠራ እንደ ሆነ ያንኑ ዳገት ትወጣለች።